ወንፈል የሄዱት ሁለቱ

ሙሄዲን ይመር በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ኳስ ወደ ቅርጫት ወርውሮ አያውቅም። ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ እሁድ በመጣ ቁጥር ሱቁን ዘግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሜዳው ዳር የሚያቆመው ምን ነበር? መርሳ ውስጥ ይህን ያልጠየቀ የለም፤ የመለሰውም የለም። ሚስቱ ከድጃ «እኔም አሥር ዓመት አብሬው ኖሬ አላወቅሁትም» ትላለች። ራሱን የጠየቁት እንደሆነ ደግሞ መቀሱን ብድግ አድርጎ «የምን ኳስ? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» ይላል።

ልብስ ሰፊነቱስ እውነት ነው። ከግራና እስከ ውርጌሳ ሱሪው ደህና የተቀመጠለት ሰው ሁሉ የሙሄዲን ደንበኛ ነው። ሜትሩ ለወጉ ተንጠለጠለ እንጂ ሰውን የሚለካው በዓይኑ ነበር። ገበሬው ገና ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ አይቶ ስንት ክንድ ጨርቅ እንደሚፈጅ ይነግረዋል። ሙያውን የተማረው አስመራ ነው። በወጣትነቱ ሄዶ ዘጠኝ ዓመት ከአንድ ጣሊያን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሠርቷል። የጣሊያኑ ሱቅ መስኮት የሚከፈተው ወደ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ነበር። ሙሄዲን እነዚያን ዓመታት ሲሰፋ አንድ ዓይኑ መርፌው ላይ፣ አንድ ዓይኑ ሜዳው ላይ ነበረች። በ1953 ዓ.ም. አባቱ ሞተው ወደ አገሩ ሲመለስ የስፌት መኪናውን አውቶብስ ጣራ ላይ ጫነ፤ ጉልበቱ ላይ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለች አሮጌ ኳስ አስቀመጠ።

ኳሷ ሁለት ዓመት አልጋ ሥር ተኛች። በሦስተኛው ዓመት ሙሄዲን አንድ ጠዋት ተነስቶ ከከተማው ጫፍ እርሻ ወዳላቸው ወደ አያ ወርቁ ሄደ። አያ ወርቁ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ገበሬ ናቸው።

«ከዋርካው ሥር ያለችውን ቁራሽ መሬት ስጡኝ፤» አላቸው።

«ምን ልትዘራባት ነው?»

«ምንም። ልጆች ይጫወቱባታል።»

አያ ወርቁ ረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲያው እስከተጫወቱባት ድረስ ይጫወቱባት፤» አሉ። «መጫወት ያቆሙ ዕለት ግን ብርቱካን እተክልባታለሁ።»

ኳስ በልል አፈር ላይ አትነጥርም። ስለዚህ ሜዳው የተሠራው የአገሩ ሰው በሚያውቀው መንገድ፣ እንደ አውድማ ነው። ሣሩን ነቀሉ፤ ውሃ አርከፈከፉ፤ በሬ አስረገጡ፤ በመጨረሻ በእበት ለቀለቁት። ሲደርቅ እንደ ምጣድ ጠጠረ። ከጨዋታ ሁለት ቀን አስቀድሞ እንደገና ይለቀለቃል፤ መስመሩ በአመድ ይሰመራል። ቀለበቱ የበርሜል አፍ ነው፤ ሰሌዳው የተሰባበረ የጭነት መኪና ጣውላ፤ መረቡን ሙሄዲን ራሱ ከሲባጎ ቋጥሮታል። ሰዉም ሜዳ አላለውም፤ «አውድማው» አለው። እሁድ እሁድ መንገደኛ ጩኸት ሰምቶ «ዛሬ ምን ይወቃል?» ብሎ ሲጠይቅ «ወልድያ!» ይሉታል።

እውነትም ይወቁት ነበር። ይህን ያደረጉት ሁለት ልጆች ናቸው። ደሳለኝ ከላይ ከደጋው ምስር ተሸክሞ ወርዶ እዚያው የቀረ፣ በወፍጮ ቤት ጆንያ የሚያነሳ ቁመተ ሎጋ ነው። ቆሞ እጁን ከዘረጋ ጣቱ ቀለበቱን ሊነካ ትንሽ ይቀረዋል። ኑርሁሴን የሙሄዲን የግድግዳ ጎረቤት ልጅ ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ አፉም እንደ እግሩ የማያርፍ። ሙሄዲን የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፋለት ኑርሁሴን ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ እሱ ራሱ ከአስመራ ለእረፍት የመጣ ጊዜ ነበር። ኑርሁሴን አንጥሮ ይገባና ወደ ሰማይ ይወረውራታል፤ ደሳለኝ ከሰማይ ያወርዳትና ቀለበቱ ውስጥ ይከታታል። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነበር። ልጃገረዶቹ ሳይቀሩ ገጥመውላቸዋል፦

ደሳለኝ ዘርግቶ ኑርሁሴን አቀብሎ፣
ወልድያ ሄደልሽ ባዶ ስልቻ አዝሎ።

ደግ ነገር ሁሉ ግን ዕድሜ አለው። በ1962 ዓ.ም. የደሳለኝ ቀኝ ጉልበት በጆንያ ብዛት መንቋቋት ጀመረ። ኑርሁሴን አግብቶ ወለደ፤ ጨውና ጋዝ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ፤ ወገቡም ወፈር አለ። ያን ዓመት ከስድስት ጨዋታ አምስቱን ተሸነፉ። ሙሄዲንን ያስጨነቀው ግን ሽንፈቱ አልነበረም። የተቀሩት ተጫዋቾች በሰባት ዓመት ውስጥ ያወቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኳስ ሲደርሳቸው ኑርሁሴንን መፈለግ። አንድ እሁድ ኑርሁሴን ልጁ ታሞበት ሲቀር፣ ከመካከላቸው አንዱ ኳሷን ታቅፎ እንደ ጠፋ በግ ባለቤት ግራ ቀኝ ሲያይ ቆመ። ሰዉ ሳቀ። ሙሄዲን አልሳቀም። ለልምምድ የሚመጣው ሰው ሁለቱን ሳይቆጥር ከአሥራ ሁለት ወደ ሰባት ወረደ። አያ ወርቁም አንድ ቀን በበቅሏቸው ሲያልፉ አውድማውን አዩና «ሙሄ፣ ስንጥቅ ላይ ሣር በቅሎ አየሁ» አሉት።   እሱም ገባው፤ ለከርሞ አምስት ሰው ማሰለፍ ካቃተው ብርቱካኑ ይተከላል።

በጥር 1963፣ እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከወልድያ አቶ ሲሳይ መጣ። አቶ ሲሳይ ፎቶ ቤት አለው፤ የወልድያን ቡድን የሚያሰለጥነውም እሱ ነው። ሱሪ ለማሰፋት የመጣ መስሎ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አቶ ሙሄዲን፣ እርስዎ ሰው በዓይን ይለካሉ አሉ። እስቲ ይለኩኝ።»

«ከወገብዎ ይልቅ ሆድዎ ውስጥ ያለው ነገር ይበዛል፤ እሱን መጀመሪያ ያውጡት።»

አቶ ሲሳይ ሳቀና ወንበር ሳበ። «በሚያዝያ ከደሴ ጋር እንገጥማለን። ልጆቼ ደህና ናቸው፤ ግን ጨዋታ ሲጠብ የሚርዱ ናቸው። የማይንቀጠቀጥ ሰው እፈልጋለሁ። ደሳለኝንና ኑርሁሴንን ለዚህ ዓመት ይስጡኝ።»

ሙሄዲን መቀሱን አስቀመጠ።

«በነጻ አላልኩም፤» አለ አቶ ሲሳይ ቶሎ ብሎ። «ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ኢስሐቅ፣ አብዱልሐሊም፣ በላይ። እኔ ዘንድ አግዳሚ ወንበር ከማሞቅ በቀር ሥራ የላቸውም። ልጆቹ ደግሞ የእናንተው ናቸው፤ ሁለቱ የግራና፣ አንዱ የውርጌሳ። ወልድያ ይማራሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እሁድ አውድማዎ ላይ ይጫወቱልዎ። አንድ አዲስ ኳስም እጨምራለሁ።»

«ኳሱን ተወው፤» አለ ሙሄዲን፤ አንቱታው ጠፍቶበት። «ሰው በኳስ አይለወጥም።»

አቶ ሲሳይ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ ከሙሄዲን ጋር ቀረ። ሁለቱን ቢሰጥ ሰዉ ምን ይላል? ባይሰጥስ? እነሱ አንድ ዓመት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ጉልበቱም ሱቁም ይቀድማቸዋል፤ በማግሥቱ አውድማው ላይ የሚቆም ሰው የለም። እራት ላይ እጁ ሳህኑ ውስጥ ቀረ።

«ብላ እንጂ፤» አለችው ከድጃ። «ወይስ ምግቡንም ለወልድያ ልትሰጠው ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«አቶ ሲሳይ ሱሪ ሊያሰፋ ከወልድያ መርሳ ድረስ መጣ ብለህ እኔን ታሞኛለህ? ወልድያ ልብስ ሰፊ አልቋል?» ሳህኑን ወደሱ ገፋችለት። «አብሽር። እማዬ ላሟ ስታረጅ ጊደሯን ከእናቷ የምትለየው ለምን ነበር? እንዲያ ካልሆነ ጊደሯ ሣር መጋጥ አትለምድማ።»

«እነሱ ላም አይደሉም ከድጃ።»

«አይደሉም። ላም ቢሆኑማ አያኮርፉም ነበር።»

ኩርፊያውስ መጣ። በማግሥቱ ሁለቱን ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ ነገራቸው። ደሳለኝ ጉልበቱን ያሽ ጀመር። ኑርሁሴን ግን ተነስቶ ቆመ።

«ስንት አወጣሁ ጋሽ ሙሄ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ለስንት ሸጥከኝ ነው የምልህ! ለሦስት ውርጋጥ? ወላሂ፣ ሰው በሬውን ሲሸጥ እንኳ ጥርሱን አስቆጥሮ ነው።»

«እኔን ለአንድ ተኩል፣ አንተን ለአንድ ተኩል ነው፤» አለ ደሳለኝ፤ አንደበቱ ቀዝቃዛ ነበር። «ግማሹ ልጅ የማን እንደሆነ ብቻ እንጃ።»

ሙሄዲን እንኳ ሳቅ አመለጠው። ኑርሁሴን ግን በሩን ወርውሮ ወጣ፤ ሳምንት ሙሉም በሱቁ ፊት ሲያልፍ ሰላምታ ከለከለው። ከተማውም ወሬውን ተቀበለ። በገበያው «ሙሄዲን ሰው ለወጠ» ተባለ። አንዲት ጨው ሸማች ሴት «እስቲ እኔም ባሌን ይዤልህ ልምጣ፣ በምን ትለውጥልኛለህ?» ብላ በሰው ፊት አፋረችው። ቀልድ ነበር፤ ግን ቀልዱ እሾህ ነበረው። ሰው እንደ ከብት መለወጥ ነውር ነውና።

ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ተብሎ አንድ እሁድ ከሰዓት ዋርካው ሥር ተቀመጡ። እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። ሼህ አብዱሰመድ ዱዓ አደረጉ፤ አያ ወርቁ በዱላቸው መሬቱን እየነኩ ሁሉንም አዳመጡ። ኑርሁሴን ተናገረ፤ ጥሩም ተናገረ። ሙሄዲን ግን ሲናገር ቃሉ ተንተባተበ። በዓይኑ ያየውን እንዴት ብሎ በአፉ ያውጣው?

«እነሱን ጠላሁ አላልኩም፤» አለ። «እነሱ ሲኖሩ ሌላው አይዘረጋም ነው። ዋርካ ሥር ማሽላ አይበቅልም።»

«ይኸው፣ ዋርካ አለን!» አለ አንዱ ከኋላ። «ዋርካ ይሸጣል እንዴ?»

ያን ጊዜ አያ ወርቁ ዱላቸውን አነሱ። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤» አሉ። «አምና ታኅሣሥ የኔን ጤፍ ማን አጨደ?»

«ኑርሁሴን፣ ሙሄዲን፣ እኛም፤» አሉ ሰዎቹ።

«ለስንት ገዛኋችሁ?»

አያ ወርቁ በዱላቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

«ወንፈል ነው እንጂ! ዛሬ አንተ ለኔ፣ ነገ እኔ ላንተ። ወንፈል የሄደ ሰው ተሸጠ ተብሎ ያውቃል? እነዚህ ሁለቱ ለወልድያ ወንፈል ይሂዱ፤ የወልድያ ሦስቱ ለኛ ወንፈል ይምጡ። መኸር ሲደርስ ሁሉም ወደ ቤቱ።»

ዋርካው ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ባንዴ ተነፈሰ። ነገሩ ስም አግኝቷል። ስም ካገኘ ደግሞ ሕጉ ይታወቃል፤ ከአባት የመጣ ነውና ማንም ሊከራከርበት አይችልም። አያ ወርቁም ሕጉን በጣታቸው ቆጠሩት። የተጠራ ሰው ራሱ ይመጣል እንጂ ምትክ አይልክም። ባለ አውድማው ያበላል። አውድማው የማን ነው? በዚያ ቀን በዚያ አውድማ ላይ የቆመ ወንፈል ሁሉ የባለ አውድማው ነው። «ይኸው ነው፤» አሉ። ሼህ አብዱሰመድ «አሚን» አሉ። ኑርሁሴን መሬት መሬት እያየ «ወንፈል ከሆነ እሺ» አለ። ያቺ የመጨረሻዋ ሕግ ኳስ ላይ ስትውል ምን እንደምታመጣ ግን ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ አንዱም አላሰበም። ሙሄዲንም አላሰበም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በደሴ መንገድ ላይ አስቂኝ ነገር ይታይ ነበር። ሁለቱ በጭነት መኪና ወደ ወልድያ ይወጣሉ፤ ሦስቱ በሌላ ጭነት መኪና ወደ መርሳ ይወርዳሉ። መንገድ ላይ ሲተላለፉ ኑርሁሴን ከጭነቱ ላይ ተነስቶ «ውርጋጦች! አውድማችንን እንዳትሸኑበት!» ብሎ ይጮሃል፤ እነሱም «አባቶች፣ ጉልበታችሁን ቅቤ ቀቡት!» ይሉታል።

የሙሄዲን እሁዶች ግን ቀላል አልነበሩም። ኢስሐቅ ዓይን አፋር ነው፤ ኳስ ሲይዝ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። አብዱልሐሊም ረጅም ነው፣ ግን እጅና እግሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በላይ ደግሞ ፈጣን ሆኖ ወዴት እንደሚሮጥ አያውቅም። ከመርሳዎቹ ሰባት ጋር አሥር ሆኑ። ሙሄዲን ሌላ የሚያስተምረው ነገር ስለሌለው የሚያውቀውን አስተማራቸው። ጨርቅ በሚያሰምርበት ጠመኔ አውድማው ላይ አምስት ክብ አሰመረ፤ በየክቡ አንድ ሰው አቆመ። «ኮት በአንድ ጨርቅ አይሰፋም፤» አላቸው። «እጅጌ አለ፣ ኮሌታ አለ፣ ደረት አለ። ኳሷ አምስታችሁን ሳትነካ ቅርጫት ብትገባ እንኳ እኔ አልቆጥርላችሁም።»

«ዳኛው ቢቆጥረውስ ጋሼ?» አለ በላይ።

«ዳኛው ይቁጠረው። እኔ አልቆጥርም።»

የመጀመሪያ ጨዋታቸው ከውርጌሳ ጋር ነበር። አርባ ለአሥራ ሁለት ተሸነፉ። ከሜዳው ዳር «ሙሄዲን፣ ወርቅ ሰጥተህ ነሐስ ተቀበልክ!» ተባለ። ሁለተኛውን ሠላሳ ስድስት ለሃያ። ሦስተኛውን ሠላሳ ለሃያ ስድስት ተሸነፉ፤ ዘላፊዎቹም ዝም ማለት ጀመሩ። ሙሄዲን ራሱ ነጥቡን አልነበረም የሚያየው። ኢስሐቅ ይቅርታ መጠየቅ ሲተው አየ። ለኑርሁሴን ብቻ ሲያቀብሉ የኖሩት የመርሳ ልጆች ቀና ብለው አራት ሰው ሲያዩ አየ። ለልምምድ የሚመጣው ሰው አሥራ አራት ደረሰ፤ ከአዲስ ከመጡት ሦስቱን ሙሄዲን ስማቸውን እንኳ አያውቅም ነበር።

በሚያዝያ ወልድያ ደሴን በአንድ ነጥብ አሸነፈ የሚል ወሬ በአውቶብስ መጣ። የመጨረሻዋን ያስገባው ደሳለኝ ነው አሉ፤ ኑርሁሴን አቀብሎ። ሙሄዲን ደስ አለው። ደስታው ግን ልጇን ድራ እንደሸኘች እናት ደስታ ነበር። ያን ቀን አንድ ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሮ ሰፋ።

ከዚያ ግንቦት መጣና ወልድያ ወደ መርሳ ወረደ።

አውድማው ዓርብ ዕለት ተለቅልቆ ደርቋል። እሁድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሰዉ ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አያ ወርቁ በርጩማቸውን አስይዘው መጥተው ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ከጎናቸው በሰሌን የተጠቀለሉ ችግኞች ነበሩ፤ ብርቱካን። ሙሄዲን አያቸው። አያ ወርቁም እንዳያቸው አዩ።

«ዛሬ ቡድን ካየሁ ወደ ወንዙ ዳር እወስዳቸዋለሁ፤» አሉት። «ካላየሁ እዚሁ ናቸው።»

የወልድያ መኪና ደረሰ። ደሳለኝና ኑርሁሴን የወልድያን ሰማያዊ ማልያ ለብሰው ወረዱ። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ እልልም አለ፣ አጉረመረመም። ዳኛው ፊሽካውን ሊነፋ ሲል ከሕዝቡ መካከል አልቢሶ የሚባል፣ ከኑርሁሴን ሱቅ አጠገብ ጨው የሚቸረችር ነጋዴ እጁን አነሳ።

«አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ያ ጀማዓ! አውድማው የማን ነው?»

«የኛ!» አለ ሕዝቡ።

«በዚህ አውድማ ላይ የቆመ ወንፈል ሁሉስ የማን ነው?»

 ሕዝቡ ባንዴ በጩኸት ፈነዳ። እንደ ሕጉ ከሆነ ደሳለኝና ኑርሁሴን ዛሬ የመርሳ ናቸው። ሦስቱም በወንፈል የመጡ ስለሆኑ የመርሳ ናቸው። የወልድያ ቡድን ደግሞ በሁለቱ ተማምኖ ስድስት ሰው ብቻ ይዞ መጥቷል፤ ሁለቱ ሲቀነሱ አራት ይቀራል። በአራት ሰው ቅርጫት ኳስ!

«ምን ዓይነት ሕግ ነው ይኼ?» አለ አቶ ሲሳይ፤ ካሜራው ደረቱ ላይ እየተንጠለጠለ።

«እርስዎም ተስማምተዋል!» አለው አልቢሶ። «ያልተስማሙ እንደሆን እነዚያን ልጆች ምን ሊያደርጉ ላኳቸው?»

ሁሉም ወደ አያ ወርቁ ዞረ። አያ ወርቁ ግራ እንደተጋቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ። ሕጉን የተናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ቃላቸውን ማጠፍ አይችሉም። «ሕጉ ሕግ ነው፤» አሉ ቀስ ብለው። «ቀኑ የባለ አውድማው ነው። ባለ አውድማው ደግሞ ለኳስ ሙሄዲን ነው። እሱ ይበል።»

ኑርሁሴን ሰማያዊውን ማልያ ከአንገቱ ገለጥ አደረገ። ከሥሩ የመርሳ ቀይ ማልያ ነበር፤ ሙሄዲን የሰፋው። «እኔ ዝግጁ ነኝ ጋሽ ሙሄ፤» አለ። ከጥር ወዲህ በቀጥታ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሕዝቡ «ኑርሁሴን! ኑርሁሴን!» ማለት ጀመረ።

ሙሄዲን ቀዩን ማልያ አየ። እነዚህን ሁለቱን ካሰለፈ ወልድያ ይወቃል፤ ሰዉ እየዘፈነ ይገባል፤ ስሙም ይታደሳል። ከዚያ ኢስሐቅን አየ። ኢስሐቅ ሳይጠሩት ወደ ሜዳው ዳር ማፈግፈግ ጀምሮ ነበር። የመርሳዎቹም ልጆች ዓይናቸው እንደ ድሮው ኑርሁሴንን ፍለጋ ሄዷል። ሙሄዲን በዓይኑ ለካ። አንድ ቀን ብቻ ብሎ ሁለቱን ቢያሰልፍ አራት ወር የሰፋው ሁሉ በአንድ ሰዓት ይተረተራል።

«አያ ወርቁ፤» አለ፤ ድምፁ አልተንተባተበም። «ባለ አውድማ የቀኑን ዕዳ ሊምር ይችላል?»

«ይችላል። ሠራተኛውን ‹ሂድ፣ ምሬሃለሁ› ካለ ማን ይከለክለዋል?»

«እንግዲያው ሁለቱን ምሬያለሁ። ለወልድያ ይጫወቱ።»

ጩኸቱ ዋርካው ላይ ያሉትን ወፎች አስነሳ። አልቢሶ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። ኑርሁሴን ባለበት ደረቀ፤ ሙሄዲን ሄዶ ትከሻውን ያዘው።

«አልፈልግህም ማለቴ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማለትህ ነው?»

«እነዚህ ልጆች አንተን ማሸነፍ ካልቻሉ ማን ያስተምራቸዋል? ግን እንዳትራራላቸው። ብትራራላቸው ወላሂ ሁለተኛ ሱሪ አልሰፋልህም።»

 የኑርሁሴን ጥርስ ታየ፤ የዱሮው አፉ ተመለሰ። «ሱሪውን አሁኑኑ አዘጋጅ፤» አለ። «ከወገቡ ሰፋ አድርገህ።»

አልራራላቸውም። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አሥር ለሁለት መራ። በላይን ሁለት ጊዜ አታለለው፤ ሁለተኛው ላይ በላይ ራሱ ዞሮበት ወደ ዋርካው ሮጠ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሙሄዲን ከዳር ሆኖ አንድ ቃል ብቻ ይደጋግም ነበር፦ «አምስት! አምስት!» ቀስ በቀስ ኳሷ መዞር ጀመረች። ከኢስሐቅ ወደ መርሳዎቹ፣ ከመርሳዎቹ ወደ በላይ፣ ተመልሳ ወደ ረጅሙ ልጅ። ደሳለኝ በዚያ ጉልበቱ አንዱን ለመያዝ ሲደርስ ኳሷ ከሌላው ዘንድ ናት። አንድ ጊዜ ረጅሙ አብዱልሐሊም ከደሳለኝ እጅ ላይ ዘሎ አወረዳት። ደሳለኝ ባዶ እጁን አየና «አሃ!» አለ ጮክ ብሎ፤ ሳቀም።

ሊያልቅ ሲል ሃያ ስምንት ለሃያ ስምንት ሆኑ። ኢስሐቅ ቀለበቱ ሥር ያለ ጠባቂ ቆሞ ኳስ ደረሰው። አልተርበደበደም፤ ወረወረ። የበርሜሉ አፍ ላይ ሁለት ጊዜ ዞራ ወጣች። ኑርሁሴን ነጠቃት፣ ሮጠ፣ ወደ ሰማይ ወረወራት፤ ደሳለኝም እንደ ዱሮው አወረዳትና ከተታት። ሠላሳ ለሃያ ስምንት። ፊሽካው ተነፋ።

መርሳ ተሸነፈ። ግን ማንም ወዲያው አልሄደም። ልጃገረዶቹ የቱን ዘፈን እንደሚዘፍኑ ጠፋባቸው፤ በመጨረሻ ዱሮ የገጠሙትን ዘፈኑ፤ «ወልድያ» ያለውን ግን ወደ «እኛ» ሳይለውጡት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ኢስሐቅ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሙሄዲን መጣ።

«ሳትኩ ጋሼ።»

«ሳትክ፤» አለው ሙሄዲን። «ግን አንተ ወረወርክ። ሌላ ሰው አልፈለግህም።»

አያ ወርቁ ከበርጩማቸው ተነሱ። የሰሌኑን ጥቅል አንስተው ወደ በቅሏቸው ሄዱና ጭነው አሰሩት። ሲያልፉ ሙሄዲንን «ከወንዙ ዳር ያለው አፈር ለብርቱካን ይሻላል፤» አሉት። «እዚህማ በእበት ደንድኗል።»

ባለ አውድማ ያበላል። ሁለት ፍየል ታርዷል፤ አንዱን ከድጃ ለእስላሞቹ፣ አንዱን የአያ ወርቁ ባለቤት እመት ጥሩወርቅ ለክርስቲያኖቹ ሠርተዋል። ሁለቱ ድስት አልተነካካም፤ የሚበሉት ሰዎች ግን በአንድ ጥላ ሥር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ተቀመጡ። ኑርሁሴን መካከል ሆኖ ለሦስቱ ልጆች በእንጀራ ቁራሽ ላይ እየሳለ ያሳያቸዋል፤ «እዚህ ጋ ስትደርስ ዓይንህ ወደዚህ፣ ኳሷ ወደዚያ፣» ይላል። ቁራሹን በልቶ ሌላ ያነሳል። ደሳለኝ እግሩን ዘርግቶ «ከርሞ እኔ አልጫወትም፤» አለ ለማንም ሳይሆን። «ረጅሙን ልጅ ግን እይዘዋለሁ። እጅና እግሩን አስተዋውቄ አስታርቀዋለሁ።» አቶ ሲሳይ ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰብስቦ ፎቶ አነሳ፤ ሰማያዊውም ቀዩም ተደባልቆ ነበር። «እርስዎም ይግቡ!» ቢሉት ሙሄዲን አልገባም። ከፎቶው ውጭ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ቆሞ አያቸው።

ከጥር ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ ደህና አልተኛም ነበር። የቀትር ሶላቱን፣ ዙሁርን፣ ሰገደ። ሱቁን ከፍቶ ገባ፤ የኑርሁሴንን ሱሪ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ከወገቡ ሰፋ አድርጎ በጠመኔ አሰመረ። መቀሱን አነሳ። ከውጭ ኳስ ስትነጥር ይሰማዋል፤ እንግዶቹ ገና ሳይሄዱ ልጆች አውድማው ላይ ገብተዋል። መቀሱን መልሶ አስቀመጠ። ከድጃ ውሃ ይዛ ስትገባ ጨርቁ ላይ ጉንጩን አሳርፎ ተኝቶ አገኘችው። ጠራችው፤ አልሰማም። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር።